ተጠባባቂዋ ሚዜ

ሆላንድ የሚኖር ሐበሻ ሰርግ ሲጠራ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ "እንዴ፣ ካንቺ ሰርግማ ልቀር!" ይልና ይቀራል፤ ወይ "እስቲ እግዜር ያውቃል" ይልና አራት ሰው አስከትሎ ይመጣል። በየጓደኛሞቹ መሀል ግን ከሁለቱም ያልሆነች አንዲት ሰው አትጠፋም። ስትጠራ እልልም አትልም፣ ሰበብም አትደረድርም። ስልኳን ታወጣለች፣ ግንባሯን ቋጠር ታደርጋለች፣ ከዚያም እንደ ዳኛ ረጋ ብላ "ሮስተሬን ልይ" ትላለች።

ሮስተር ደቾቹ የሥራ ፈረቃ የሚያወጡበት ሰሌዳ ነው። እዚህ አገር ሮስተር የሌለው ሰው የለም፤ አረጋውያን የምትንከባከበውም፣ ቢሮ የሚያጸዳውም፣ ትራም የሚነዳውም አለው። የሌላው ሰው ሮስተር ግን እንደ ጎረቤት ነው፤ ቢያስቸግርም ይለመናል። የማዕረግ አበጋዝ ሮስተር እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፣ ማንንም አያማክርም።

ማዕረግ አውሮፕላን አብራሪ ናት። በሥራ መደቧ ረዳት አብራሪ ነች፤ በቀኝ በኩል የምትቀመጠው። ሐበሻው ግን ገና ተማሪ ሳለች ካፒቴን አድርጎ ሾሟታል። "ካፒቴን አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ" ባለች ቁጥር ሽማግሌዎቹ "ትሕትናዋን አያችሁ?" ይሉና አንድ እርከን ይጨምሩላታል። ባለፈው የገና በዓል የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በማይክሮፎን "ክብርት ዋና ካፒቴናችን ወደ መድረክ!" ብለው ሲጠሯት፣ ክብርት ዋና ካፒቴን ከአዳራሹ በስተኋላ ወንበር ስትደረድር ተገኘች።

ይህን ሁሉ ከማንም ይበልጥ የምታውቀው ቢታንያ ወልደየስ ናት። ቢታንያ ዴን ሃግ ውስጥ ነርስ ነች። እሷና ማዕረግ፣ ሦስተኛዋ ጓደኛቸው ሰዓዳም፣ የተገናኙት በልጅነታቸው ቢልመር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ደች የማይችሉ ልጆች ተሰብስበው በሚማሩበት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። መምህሯ ስትናገር ሦስቱም እኩል አይገባቸውም ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት የሚያጠብቅ ነገር የለም። አሁን ሰዓዳ ዛንዳም ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ መጋዘን የጭነት መኪኖችን መግቢያና መውጫ ታቀናጃለች። ማዕረግ እዚያው ቢልመር ቀርታለች፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ስለሚቀርባት።

ማዕረግ መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም እንጂ መምጣቷ አጠራጥሮ አያውቅም። ቢታንያ የተመረቀች ዕለት ማዕረግ የቆየችው ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደቂቃውን የቆጠረችው ራሷ ማዕረግ ናት። በእነዚያ ሃያ ሁለት ደቂቃዎች ግን አጨበጨበች፣ አለቀሰች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ኬክ በላች፣ የቢታንያን አባት መኪና ከማይቆምበት ቦታ አስነሳች። ሰዓዳ ቤት የቀየረች ቀን ደግሞ ከዋርሶ እንዳረፈች፣ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። የልብስ ማጠቢያውን ከሰዓዳ ጋር ተሸክመው በዚያ መሰላል በሚመስል የሆላንድ ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይዘረር ነበር። እሷ ሰዓቷን አየችና "አርባ ደቂቃ አለኝ" ብላ የውኃ መስመሩን መግጠም ጀመረች።

የቢታንያ እናት ወይዘሮ አበባይሽ ታመው በተኙባቸው አራት ወራትም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ከሮም፣ አንድ ቀን ከኤደንብራ፣ ትንሿን ሻንጣዋን እየጎተተች ትገባለች። ወንበር ስባ ትቀመጥና እግራቸውን ታሽላቸዋለች።

"ይህቺ ልጅ ከየት እንደምትመጣ አይታወቅም" ይሉ ነበር ወይዘሮ አበባይሽ፣ "ግን ትመጣለች።"

ሊያርፉ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው እጇን ይዘው "ቢታንያዬ ስትዳር ከጎኗ ቁሚልኝ። እህት የላትም" አሏት። ማዕረግ በዚያን ቀን ሮስተሯን አላየችም። "እቆማለሁ፣ እትዬ" አለች።

ሦስት ዓመት አለፈና ቢታንያ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ኢዛና ይባላል። ዴልፍት ውኃ ምህንድስና የተማረ፣ የሆላንድን ባሕር ከሆላንድ መሬት በማራቅ እንጀራውን የሚበላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ቀኑ በመስከረም አንድ ቅዳሜ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሮተርዳም፣ የራት ግብዣው ዴን ሃግ። አንደኛ ሚዜ ማን እንደምትሆን የጠየቀ አልነበረም።

ከሰርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ምሳ በልተው እንዲተዋወቁ ተባለ። ፕሮግራም ማውጣቱን ማዕረግ ተረከበች። ለሁሉም በስልክ ላከች፦ "እሑድ፣ 10፡00፣ ጋሼ ወልደየስ ቤት።" ችግሩ፣ ማዕረግ እጇ የለመደው የአብራሪዎችን ሰዓት ነው። እነሱ ዙሉ ይሉታል፤ የትም አገር ቢሆኑ ሁሉም የሚጽፉበት አንድ የጋራ ሰዓት ነው፤ በጋ ላይ ከሆላንድ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እሷ ያሰበችው እኩለ ቀንን ነበር። ኢዛና ደግሞ አስር ሲል በሆላንድ አስር መስሎት፣ ክራቫቱን አስሮ፣ አበባውን ይዞ ጠዋት ከተፍ አለ። የቢታንያ አባት አቶ ወልደየስ በፒጃማ ከፈቱለት። የኢዛና ዘመዶች አስር ሲባል በሐበሻ አስር ብለው፣ በሆላንድ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አራት ላይ መሆኑ ነው፣ ምሳው ሁለቴ ቀዝቅዞ ሁለቴ ከሞቀ በኋላ ደረሱ።

ሦስቱ ጓደኛሞች እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ሲገቡ አማችና አማት አልተገኙም። ተፈልገው የተገኙት ወጥ ቤት ነው። ኢዛና ክራቫቱን በትከሻው ጥሎ ከመታጠቢያ ገንዳው ሥር ተጋድሟል፤ አቶ ወልደየስ በፒጃማቸው ተንበርክከው "ልጄ፣ ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!" ይላሉ። ስድስት ወር ያንጠባጠበው ቧንቧ ተሠርቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ወልደየስ ስለ አማቻቸው ማንም ክፉ እንዲናገር አልፈቀዱም።

ማዕረግ ግን ይህን እንደ ደስታ አልቆጠረችውም። በማግሥቱ ለሁሉም አንድ ገጽ ጽሑፍ ላከች። ርዕሱ "የእሑዱ የሰዓት ስህተት፦ ምን ተፈጠረ? እንዴት አይደገምም?" የሚል ነበር። በጽሑፉ ማንንም አልወቀሰችም፤ ራሷንም ቢሆን በአራተኛው መስመር ላይ ብቻ ነው የጠቀሰችው። አቶ ወልደየስ አሳትመው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ሃያ ዓመት ትራም ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና የተጻፈ ሰዓት ያከብራሉ። "እንዲህ ያለ ሰው አንድ መቶ ቢኖረን" አሉ፣ "አገር ነበረን።"

ሰርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው የመስከረም ሮስተር ወጣ። ማዕረግ በስልክ አልነገረቻትም። ከቢልመር ባቡር ተሳፍራ ዴን ሃግ፣ ቢታንያ ቤት መጣች፤ ጃኬቷንም ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ተጠባባቂ ነኝ" አለች።

"ተጠባባቂ ማለት?"

"ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት፣ በፈረንጅ ከአስር ሰዓት ማለቴ ነው፣ እስከ ማታ ስልኬ ከጮኸ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለብኝ። ካልጮኸ ያንቺ ነኝ።"

"ከጮኸስ?"

"እሄዳለሁ።"

ቢታንያ የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች። ማዕረግ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻት። የዓመት ፈቃዱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተይዞ አልቋል። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለመለዋወጥ የገና ዋዜማን ሰጥታለች፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመትን ሰጥታለች፣ የሁለት ዓመት የልደት ቀኖቿን ሰጥታለች። በዚህ ሁሉ ለውጥ ቅዳሜን ከሦስት ቀን የግሪክና የስፔን በረራ አላቅቃ ወደ ተጠባባቂነት አውርዳዋለች። ከዚያ በታች አልወርድም ብሏል።

"ታመምኩ በያቸው" አለች ቢታንያ።

"አልታመምኩም።"

"ሰው ሁሉ ይል የለ እንዴ! አንድ ቀን ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን!"

"ቢቱ፣ እኔ ታመምኩ ስል አውሮፕላኑ አይቆምም። ሌላ ሰው ይጠራል። እሷም ቤቷ የሆነ ነገር ይኖራታል።" ወደ ቢታንያ ዞረች። "ባለፈው ፋሲካ ከቤትሽ የተጠራሽው ማን ታሞ ነበር?"

ይህን ባትናገር ይሻል ነበር። ባለፈው ፋሲካ ቢታንያ ጾሟን ልትፈታ ከገበታው እንደቀረበች ነበር ከሆስፒታሉ የተደወለላት። "ታመምኩ" ያለችውን ባልደረባዋን ከሁለት ቀን በኋላ በፀሐይ ተጠብሳ፣ ከባሕር ዳርቻ ፎቶ ጋር አይታታለች። ስለዚያች ሴት ስንት ወር ሙሉ ተናግራ አልወጣላትም።

ግን ያን ጊዜ እውነት መስማት አልፈለገችም። "እናቴን እቆማለሁ ብለሻታል" አለቻት። ከዚህ የከፋ የምትወረውረው ነገር አልነበራትም።

ማዕረግ ፊቷ ተለወጠ። "ብያታለሁ" አለች። ተነሳች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ስምንት ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። ሰዓዳ በመሀል ሆና ለአንዷ ስትደውል ሌላዋን አታነሳም፤ ለሁለቱም ስትደውል ስለ አየር ጠባይ ታወራለች። ቢታንያ በዘጠነኛው ቀን ሥራ ላይ ሳለች ያችው ባለ ፀሐይዋ ባልደረባዋ እንደገና ደውላ መታመሟን ተናገረች። በቦታዋ ከቤቷ የተጠራችው የሱሪናም ተወላጇ ነርስ ነበረች። ሴትየዋ የልጇን ልደት ትታ መምጣቷን ማንም አልጠየቃትም፤ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከጸጉሯ ላይ የፊኛ ገመድ ስታወጣ ቢታንያ አየቻት።

በዕረፍት ሰዓቷ ለማዕረግ ጻፈችላት፦ "ከጮኸ ሂጂ። ካልጮኸ ግን ትጨፍሪያለሽ፣ ሰበብ የለም።"

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ገብቶኛል።"

ማዕረግ ከዚያ በኋላ በሰርጉ ላይ ዘመተች ማለት ይቀላል። ዕቅድ ሀ፣ ዕቅድ ለ፣ ዕቅድ ሐ አወጣች። ስልኩ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቢጮህ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቢጮህ፣ ራት ላይ ቢጮህ ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን የት እንደሚቆም ጻፈች። ሰዓቶቹ ሁሉ በሦስት ዓይነት ተጽፈው ነበር፤ በሐበሻ፣ በሆላንድና በዙሉ። ሌሎቹ ሚዜዎች ሳቁባት። "አውሮፕላን መሰላት እንዴ ሰርጉ?" ተባባሉ። በዋዜማው ምሽት ደግሞ የአቶ ወልደየስ ቤት በከበሮ ሲናጥ፣ ገና አንድ ሰዓት ሲሆን "ደህና እደሩ" ብላ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች፣ ጆሮዋን ደፈነች፣ ተኛች። አክስቶች ተሳቀቁ። ሚዜ ከሙሽራዋ ቀድማ ስትተኛ አይተው አያውቁም። ማዕረግ ግን ነገ ልትጠራ እንደምትችል ሰው ነበር የተኛችው።

ጎህ ሳይቀድ ቢታንያን ያለበሰቻት እሷ ናት። ሠላሳ ስድስት ትንንሽ ቁልፎችን ከጀርባዋ አንድ በአንድ ቆለፈች። ከቤት ለመውጣት ሲደረስ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ልማዱ ሁለት ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለእናት። ያን ባዶ ወንበር ቢታንያ ለሳምንታት ስትፈራው ነበር። የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ አቶ ወልደየስ ምርቃቱን ጀምረው ሳይጨርሱ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞረች። ማዕረግ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋለች። ቢታንያ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ክንድ ሳመችና ቀና አለች፤ እወድቃለሁ ብላ ብትፈራም ሳትወድቅ ወጣች።

ሮተርዳም ቅዳሴው ረጅም ነው። ተክሊሉ ሲደርስ የማዕረግ የተጠባባቂነት ሰዓት ገባ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ስልክ አይያዝም። ስለዚህ በዕቅዱ መሠረት ስልኩ ውጭ መኪና ውስጥ በሰዓዳ እጅ ነበር። ሰዓዳ ከአየር መንገዱ ከደወሉ የምትለውን በደች ለሁለት ሳምንት ተለማምዳለች፦ ማዕረግ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ራሷ ትደውላለች። የመጋዘን ሰው ናትና ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።

ሙሽሮቹ አክሊላቸውን ደፍተው፣ ካባቸውን ለብሰው በእልልታ ወደ በሩ ሲወጡ ቢታንያ በሰው ትከሻ መሀል ሰዓዳን አየቻት። ሰዓዳ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ፊቷ ሁሉን ይናገራል።

ማዕረግ ከአጠገቧ ተለየች። ግንቡ ጥግ ቆማ ደወለች። በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰች።

"አቴንስ" አለች ስትመለስ። "አዳር አለው።"

አዳር አለው ማለት ራቱም፣ ጭፈራውም፣ ሁሉም ቀረ ማለት ነው። እልልታው በመሀል ተቋረጠ። አንዲት አክስት "ወይኔ፣ ዛሬ?" አለች። የማዕረግ ዓይኖች ወደ ቢታንያ ሄዱ። በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ ለዚች ቅጽበት ያወጣችው ዕቅድ አልነበራትም፤ ያስታውቅባት ነበር።

ቢታንያ ካባዋን በሁለት እጇ ሰበሰበች። "ልብስሽ የት ነው?"

"መኪናዬ ውስጥ።"

"ሰዓዳ፣ አምጪው።"

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ሙሽራዋ ሚዜዋን አለበሰች። የአረንጓዴውን የሚዜ ቀሚስ ዚፕ ከፈተችላት፣ ነጩን ሸሚዝ አቀበለቻት፣ በትከሻዋ ላይ የሥራ ደረጃዋን የሚያሳዩትን ወርቃማ መስመሮች አስገባችላት። አንዱ ሁለቴ ወደቀባት። ከጸጉሯ ላይ ነጩን አበባ ነቀለችላት፤ ክራቫቷን ደግሞ ኢዛና ከበሩ ውጭ ሆኖ እንዴት እንደሚታሰር ሲናገር እሷ አሰረች።

"ጠብቂኝ አልልሽም" አለች ማዕረግ።

"አትበይ። መቶ ምናምን ሰው እየጠበቀሽ ነው። እኔ አግብቻለሁ፣ አልቋል፤ አይተሽኛል።" ኮፍያዋን አቀበለቻት። "ሂጂ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ። መኪናውንም፣ ሌላውንም።"

ማዕረግ አቀፈቻት፤ አክሊሉን እንዳታዛባ ከጎን ነበር ያቀፈቻት። መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫዋን ወደ አስፋልቱ አዙራ ቆማ ነበር፤ ማንም መንገድ ልቀቅ ሳይባል ወጣች።

ከዚያ ሰዓዳ ማዕረግ ጠዋት ከስልኩ ጋር የሰጠቻትን ፖስታ ከፈተች። ውስጡ ሁለት መስመር ነበር፦ "አንደኛ ሚዜ አንቺ ነሽ። ልብስሽ በመኪናሽ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው በላይ።" ሰዓዳ የዕቃ መጫኛውን ስትከፍት ያው አረንጓዴ ቀሚስ፣ በእሷ ልክ፣ እጁ ረጅም ሆኖ፣ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ከተቆረጠ ሻርፕ ጋር ተጣጥፎ አገኘችው። ሚዜ እሆናለሁ ብላ አላሰበችም ነበርና አፏን ይዛ ቆመች።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ" አለች፣ "'ለእኔ ይሆነኝ እንደሆነ ለክተሽ አሳዪኝ' ስትለኝ ነበር እኮ! እሷ ከእኔ በአንድ ክንድ ትረዝማለች፤ እንዴት አልገባኝም?"

ሳቅ መጣ፣ እልልታው ከተቋረጠበት ቀጠለ። ያቺ የተሳቀባት ወረቀት ከየኪሱ ወጣች፤ ዕቅድ ለ ተነበበ። ሁሉም ምን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚቆም ያውቅ ነበር። አንድም የጠፋ ቀለበት፣ አንድም የተረሳ አጎት አልነበረም።

ለፎቶ ሼቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ሄዱ። ነፋሱ የሙሽራዋን መሸፈኛ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። ቢታንያ እንደተነገራት ትስቃለች፣ እንደተነገራት ትዞራለች፤ በስተግራዋ ግን ሰው የጎደለ መስሎ ይሰማት ነበር። በዚህ መሀል በባሕሩ በኩል አንድ አውሮፕላን አለፈ።

"እሷ ትሆን?" አለች ቢታንያ።

ማንም አላወቀም። አቶ ወልደየስ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ አወዛወዙ። ሚዜዎቹ ተከተሏቸው። ሌላ አውሮፕላን መጣ። "ምናልባት ይቺ ብትሆንስ?" አለች ሰዓዳ፤ እንደገና እጅ ተውለበለበ። ኢዛና አቴንስ በየት በኩል እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ባሕሩ በምዕራብ ነው፣ ግሪክ በስተደቡብ ምሥራቅ። ምንም ሳይናገር ከሚስቱ አጠገብ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ አውለበለበ። ሰባት አውሮፕላን ሸኙ። የሚያልፉ ደቾችም ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም በመጨረሻው ላይ ረዷቸው።

በማግሥቱ እሑድ መልስ ነበር። አዳራሹ ከበሮና ሰው ሞልቶታል። ሙሽሮቹ ባጌጠው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሳለ ማዕረግ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯ ላይ የኮፍያው ምልክት ሳይጠፋ በጎን በር ገባች። ከአቴንስ አውሮፕላኑን አሳርፋ ቀጥታ መምጣቷ ነው። ኢዛና ሳይጠየቅ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት።

ቢታንያ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻት። አባት፣ ሙሽራ፣ ሚዜዎች፣ ሦስት የማይታወቁ ደቾች፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ወደ አንድ አውሮፕላን እጃቸውን ዘርግተዋል።

"አንቺን ስንሸኝ ነው" አለቻት።

ማዕረግ ፎቶውን በጣቶቿ አጎላችው። ጎማውን አየች፣ ክንፉን አየች።

"ይሄ እያረፈ ነው" አለች። "ጎማው ወጥቷል። ስንት ሰዓት ነበር?"

"ስምንት። በሆላንድ ሁለት።"

"እኔ ያኔ ጀርመን ላይ ነበርኩ።"

"አውቀናል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ስላላወቅን ነው ሰባቱንም የሸኘነው።"

ማዕረግ ለረጅም ጊዜ ፎቶውን ስታይ ቆየች። "ላኪልኝ" አለች በመጨረሻ። ጭንቅላቷን በቢታንያ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ከደቂቃ በኋላ ተኝታ ነበር፤ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ሁሉ ሳይቀሰቅሳት።

የመድረኩ መሪ ማይክሮፎኑን ይዞ "አሁን እንግዲህ ዳቦው ይቆረስ! ሙሽሮች ወደዚህ!" ሲል ቢታንያ አንድ ጣቷን አነሳች። መሪው አያትና ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ከበሮ መቺው ቆመ። ከፊት ያሉት ለኋለኞቹ በሹክሹክታ አስረዱ፤ ሁለት መቶ ሐበሻ ድምፁን ቀንሶ፣ ሳህን ሳያንኳኳ፣ ዳቦው እስኪቆረስ መጠበቅ ጀመረ። አርባ ደቂቃ ሆነ።

ኢዛና መጥቶ ከሚስቱ ፊት ቁጢጥ አለ። "ክንድሽ አልደነዘዘም?" አላት በሹክሹክታ።

"ደንዝዟል" አለች ቢታንያ፣ አልተንቀሳቀሰችምም።